«ፍራውን»ና ዘመዶቹ፤ የእንግሊዝኛን የፊት ቃላት ወደ አማርኛ ስለ መመለስ

በትርጕም ልምምድ ላይ ሳለን አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ለሦስት ከፈለን። ዐረፍተ ነገሩ አንድ አባት የልጁን ደብዳቤ ሲያነብ «ፍራውን» ማድረጉን የሚናገር ነው። ከመካከላችን አንዱ «ተኰሳተረ» ብሎ መለሰው፤ ሁለተኛው «አኰረፈ» አለ፤ የሮብ ገበያ ተወላጅ የሆነው ሦስተኛው ጓደኛችን ደግሞ «ግንባሩን ቋጠረ» ብሎ ጻፈ። ሦስታችንም መዝገበ ቃላት ገልጠናል፤ ሦስታችንም አማርኛን ከእናታችን ጋር ሆነን የተማርን ነን። ነገር ግን ሦስቱ ትርጕሞች ጐን ለጐን ሲነበቡ ሦስት የተለያዩ አባቶች ሆነው ተገኙ። የመጀመሪያው አባት ልጁን ሊቈጣ የተዘጋጀ ነው። ሁለተኛው ከልጁ ጋር መነጋገር ያቆመ ነው። ሦስተኛው ግን ምናልባት የልጁ ጽሕፈት መድቀቅ አስቸግሮት ይሆናል እንጂ ሌላ ነገር አልደረሰበትም። እንግሊዝኛው ከሦስቱ አባቶች የትኛው እንደ ሆነ አልተናገረም።

ነገሩን ስንመረምር የአንድ ቃል ጕዳይ ብቻ አለመሆኑን ተረዳን። እንግሊዝኛ በፊት ላይ የሚታየውን ነገር በአንድ ግሥ ጠቅልሎ ያስቀምጣል፤ የትኛው የፊት ክፍል እንደ ተንቀሳቀሰ፥ ምን ያህል እንደ በረታ፥ በምን ስሜት እንደ ሆነ አንዳንድ ጊዜ ሁሉም በአንዲት አጭር ቃል ውስጥ ይገባሉ። አማርኛ ግን እነዚህን ነገሮች በተለያየ ቦታ ያድላቸዋል። የፊቱን ክፍል በስም፥ ብርታቱን በግሡ ቅርጽ፥ የአድራጊውን ክፉነት ወይም ደግነት ደግሞ በግሡ መጨረሻ ላይ በሚቀጠለው ቅጥያ ይናገራል። ይህን ሳያስተውል አንድ ለአንድ የሚተካ ቃል የሚፈልግ ተርጓሚ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ስለ ፊቱ መልክ የሚናገር ሳይሆን በሰውየው ላይ ፍርድ የሚሰጥ ቃል ነው። በልብ ወለድ ገጽ ላይ ይህ ትንሽ ስሕተት ሊባል ይችላል። በሐኪም ቤት ወረቀት ላይ ግን፥ ወደ ኋላ እንደምናሳየው፥ ሕመም ያለበትን ሕፃን አኵራፊ አድርጎ ያሳልፈዋል።

በቅድሚያ የእንግሊዝኛውን ቤተሰብ እናስተዋውቅ። «ፍራውን» ቅንድብን ወደ መካከል ሰብስቦ ግንባርን መቋጠር ነው፤ ቍጣም፥ ሐዘንም፥ ግራ መጋባትም፥ ጥልቅ ሐሳብም ሊያመጣው ይችላል። «ስካውል» ያው መቋጠር ሲሆን ቍጣና ጥላቻ የተጨመረበት ነው። «ግሌር» የዐይን ሥራ ነው፤ ትክ ብሎ በቍጣ ማየት። «ግሪሜስ» ፊትን በሙሉ ማጨማደድ ነው፤ የሚመጣውም ከሕመም፥ ከመራራ ነገር ወይም ከሚያስጸይፍ ነገር ነው። «ፓውት» ከንፈርን አሞጥሙጦ ወደ ፊት ማውጣት ነው፤ የሕፃናትና የተቀያየሙ ፍቅረኞች ነው። «ስኒር» የላይኛውን ከንፈር በአንድ ወገን ከፍ አድርጎ መናቅ ነው። በደስታው ወገን ደግሞ «ስማይል»፥ «ግሪን»፥ «ቢም» እና፥ ደስታም ንቀትም ያለበት፥ «ስመርክ» አሉ።

የእነዚህ ሁሉ አለቃ የሆነው «ፍራውን» በገዛ አገሩም አንድ ትርጕም ብቻ የለውም። የብሪታንያ ሰው «ፍራውን» ሲል የሚያስበው ቅንድብንና ግንባርን ነው። በአሜሪካ ግን ብዙ ሰዎች፥ በተለይም ለሕፃናት ሲናገሩ፥ የከንፈርን ጫፍና ጫፍ ወደ ታች መሳብን «ፍራውን» ይሉታል፤ የተገለበጠ ፈገግታ ማለት ነው። የሥነ ልቦና ሊቃውንት የሆኑት ፖል ኤክማንና ዋላስ ፍሪሰን በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የፊት እንቅስቃሴ መመዝገቢያ ሥርዓት እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ቍጥር ተሰጥቶታል። በዚያ ሥርዓት ቅንድብን ዝቅ አድርጎ መሰብሰብ ቍጥር 4 ነው፤ የከንፈርን ጫፍ ወደ ታች መሳብ ቍጥር 15 ነው፤ ወደ ላይ መሳብ ደግሞ ቍጥር 12 ነው። እንግዲህ የብሪታንያው «ፍራውን» 4፥ የአሜሪካው አንዳንድ ጊዜ 15 ነው ማለት ነው። ተርጓሚው መጽሐፉ በየት አገር እንደ ተጻፈ ሳይጠይቅ አንዱን ቢመርጥ ቅንድብ በከንፈር ቦታ ይገባበታል።

ክርክራችን ስላልተቋጨ ከጓደኛችን ጋር ወደ ሮብ ገበያ ወጣን። ሮብ ገበያ፥ በመንግሥት ወረቀት ረቡዕ ገበያ የሚባለው፥ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወጣው በኩል በስናን ወረዳ ያለ ከተማ ነው፤ ስሙን ያገኘውም ከሳምንታዊ ገበያው ነው። ድንች፥ ገብስና በግ ይሸጥበታል፤ ብርዱም የታወቀ ነው። ይህ ብርድ ለጕዳያችን ያስተማረን ነገር አለ። በጧቱ ገበያተኛው ጋቢውን ወይም ኩታውን እስከ አፍንጫው ድረስ ስለሚያለብስ ከንፈሩ አይታይም። ሻጭና ገዢ የሚነጋገሩት በዐይንና በቅንድብ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ የአሜሪካው «ፍራውን» ከጋቢ በታች ተሸፍኖ ይቀራል፤ የብሪታንያው ግን ከሩቅ ይነበባል።

ያደረግነው ምርመራ የሚያኰራ አይደለም፤ ቍጥርም ልንሰጥ አልተነሣንም። ፊታችንን በየዐይነቱ እየለዋወጥን ይህን ምን ትሉታላችሁ እያልን ጠየቅን። ከመካከላችን አንዱ የከንፈሩን ጫፎች ወደ ታች ሲስብ አንዲት ድንች የሚሸጡ እናት «ምነው ልጄ፥ ምን ሆንህ? ሆድህን ነው?» አሉት። ቀጥሎ ወደ ሰማይ እያየ ግንባሩን ቢቋጥር «ፀሓይ ወጋህ?» አሉ። ያንኑ ግንባር ሳይፈታ ፊቱን ወደ እሳቸው ባዞረ ጊዜ ግን «ምን አድርጌህ ነው ግንባርህን የምትቋጥርብኝ?» ብለው ጠየቁት። ዐይኑን ወደ ጐን ቢያዞርባቸው «ኧረ ግልምጫህ!» አሉና ሳቁ። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል በፊቱ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ የተለወጠው አቅጣጫው ብቻ ነው። አማርኛው ግን «ብኝ» የምትለውን ቅጥያ ጨመረ።

«እናቴ፥ ይህንስ ተኰሳተረ አይሉትም?» ብለን ብንጠይቃቸው «ኰስታራማ ዳኛ ነው፤ ይህ ልጅ ምኑን ኰስታራ ሆነ!» አሉን። በግ ይዘው ከአጠገባቸው የቆሙ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ስለ ኵርፊያ ስንጠይቃቸው የነገሩን ከመዝገበ ቃላት ሁሉ የበለጠ ጠቀመን። «አኰረፈ ለማለት መጀመሪያ ማን እንዳስቀየመው ማወቅ አለብኝ» አሉ።

እነዚህን ሁለት መልሶች ትንሽ እናብራራቸው። «ኰስታራ» የሚለው ቃል ነቀፋ ብቻ አይደለም። ቀልድ የማያበዛ፥ ነገር የሚይዝ፥ የሚከበር ሰው ኰስታራ ይባላል፤ እናት ለልጇ ኰስታራ መምህር ብትመኝ አያስገርምም። የእንግሊዝኛው «ስካውል» ግን በማናቸውም ጊዜ ምስጋና ሆኖ አያውቅም። እንዲሁም «ኵርፊያ» የፊት ስም አይደለም፤ የሁለት ሰዎች ታሪክ ስም ነው። ኵርፊያ አስቀያሚና ተቀያሚ ይፈልጋል፤ ዝምታ አለበት፤ ፍጻሜውም አባባይ ወይም አስታራቂ ሽማግሌ ነው። ሰው በደብዳቤ፥ በፀሓይ ወይም በጥርስ ሕመም ላይ አያኰርፍም። ስለዚህ «ፓውት» የሚለውን «አኰረፈ» ብንለው ብዙ ጊዜ ያስኬዳል፥ እንግሊዝኛውም የተቀየመ ሰው ከንፈር ነውና፤ መልኩ ራሱ ከተፈለገ ግን «ከንፈሩን አሞጠሞጠ» ወይም በጨዋታ ቋንቋ «ለንቦጩን ጣለ» የሚሉት አሉን። «ፍራውን»ን «አኰረፈ» ማለት ግን በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ያልነበረ ጠብ መፍጠር ነው። የክፍላችን ሁለተኛ ተርጓሚ ይህን ሲሰማ ተሸነፍሁ ብሏል፤ ለጥቂት ጊዜም አኵርፎ ነበር።

ችግሩ የአማርኛ ብቻ እንዳይመስል ወደ ስፓኝ ቋንቋ ዘወር ብለን እንመልከት። ስፓኞች «ፍራውን»ን «ፍሩንሲር ኤል ሴኞ» ይሉታል፤ «ፍሩንሲር» ማጨማደድ ወይም መሰብሰብ፥ «ሴኞ» ደግሞ በሁለቱ ቅንድቦች መካከል የሚቋጠረው ቦታ ነው። (እኛ ስለ ሮብ ገበያ ስንጽፍ እነርሱ ሴኞን ማምጣታቸው አጋጣሚ ነው።) «ግሪሜስ» ሲመጣባቸው «አሴር ኡና ሙዌካ»፥ ማለትም ሙዌካ ማድረግ፥ ይላሉ። «ስመርክ» ለሚለው ብቻውን የሚበቃ ግሥ ስለሌላቸው በራስ የመመካት ፈገግታ ብለው በሁለት ስም ይገልጡታል። «ግሌር»ንም በአስተያየት መብረቅ መምታት በሚል ሐረግ ይተረጕሙታል። እንግዲህ የእነርሱም ዘዴ እንደኛ ግሥንና የፊት ክፍልን ማጣመር ነው። ከእንግሊዝኛ ወደ ስፓኝ የሚመልሰው ሰውና ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው በዚህ በኩል አንድ ዐይነት ጭንቀት አለባቸው፤ «ስካውል»ና «ፍራውን» በአንድ ገጽ ላይ ተከታትለው ቢመጡ ሁለቱንም በአንድ ሐረግ እንዳይመልሱ ይፈራሉ። ስፓኙ ከዚህ የሚወጣው ቅጽል እየጨመረ ነው። አማርኛ ግን ከቅጽል ሌላ ሁለት መውጫዎች አሉት፤ የምንሟገተውም ተርጓሚዎች በእነዚህ እንዲጠቀሙ ነው።

አንደኛው መውጫ «አለ» እና «አደረገ» ከሚባሉት ግሦች ጋር የሚጣመሩት ቃላት ናቸው። ሰዋስው አዋቂዎች እንደሚያስረዱት በአማርኛ «ከፈት አደረገ» ሲባል ጥቂት መክፈት፥ «ክፍት አደረገ» ሲባል ደግሞ በአንድ ጊዜና ጨርሶ መክፈት ነው። በፊት ቃላትም ይህ ሕግ ይሠራል። «ግንባሩን ቋጠር አደረገ» ቀላል ነው፤ አንባቢ መጽሐፉ ሲከብደው የሚያደርገው ነው። «ግንባሩን ቁጥር አደረገ» ድንገተኛና ጠንካራ ነው። «ኰስተር አለ» የሚለው ከ«ተኰሳተረ» ይለሰልሳል፤ ሊስቅ ሲል ራሱን የገታ አባትም ኰስተር ይላል። «ቅጭም አለ» ፊቱ ባንድ ጊዜ መዘጋቱን፥ «ጭፍግግ አለ» ደግሞ እንደ ክረምት ሰማይ ከብዶ መቈየቱን ያሳያል። እንግሊዝኛ ለዚህ ሁሉ «በጥቂቱ»፥ «በድንገት»፥ «በጣም» የሚሉ ተውሳከ ግሦችን ይጨምራል። የእኛ ተርጓሚዎች እነዚህን ተውሳከ ግሦች ቃል በቃል እየመለሱ «በጥቂቱ ግንባሩን ቋጠረ» ሲሉ እናያለን። ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ቋንቋው በራሱ የሰጠውን «ቋጠር አደረገ»ን ትቶ ሌላ መለመን ነው።

ሁለተኛው መውጫ እኚያ እናት የጨመሯት ቅጥያ ናት። በእንግሊዝኛ ሰው ወደ ሌላው ሰው ሲስቅም፥ ፈገግ ሲልም፥ ሲያፈጥም መስተዋድዱ አንድ ነው፤ ክፋትና ደግነቱ የሚታወቀው ከግሡ ብቻ ነው። በአማርኛ ግን «ሳቀችለት» እና «ሳቀችበት» ምን ያህል እንደሚራራቁ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። «ፊቱን አጠቆረበት»፥ «ግንባሩን ቋጠረበት»፥ «አፈጠጠበት» ይባላል፤ «አፈጠጠለት» ቢባል ሮብ ገበያን ያስቃል። እርግጥ «በት» ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ወንበር ላይ የተቀመጠም ሰው ተቀመጠበት ይባላል። በፊት ቃላት ላይ ሲመጣ ግን ዒላማውን ይነግረናል። ስለዚህ «ፍራውን» ዒላማ በሌለው ጊዜ «ግንባሩን ቋጠረ»፥ ዒላማ ባለው ጊዜ «ግንባሩን ቋጠረበት» ቢባል፥ «ስካውል» ደግሞ «ፊቱን አጠቆረበት» ቢባል፥ ሦስቱ ይለያያሉ። ለ«ግሌር»ም «አፈጠጠበት» አለን፤ ዐይንን ማስፈራሪያ አድርጎ ማንከባለል ሲሆን «አጕረጠረጠበት»፥ አስተያየቱ የጐን ሲሆን «ገረመመው»፥ ንቀትና ቍጣ ያለበት አጭር አስተያየት ሲሆን «ገላመጠው» እንላለን። በዚህ ክፍል እንግሊዝኛ ከእኛ ይደኸያል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ስለ ፊት መጥቆር አንድ ነገር በቅንፍ እናስገባ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 ቃየን መሥዋዕቱ ባልተወደደለት ጊዜ የሆነውን የዕብራይስጡ ጽሑፍ ፊቱ ወደቀ በሚል ቃል ይገልጠዋል። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን ፊቱ ጠቆረ ብሎታል። ዕብራይስጡ በመውረድ የነገረንን አማርኛው በቀለም ነገረን፤ ስሜቱ ግን አልጐደለም። ቃል በቃል ያልሆነ፥ ነገር ግን የታመነ ትርጕም ምን እንደሚመስል ለማሳየት ከዚህ የሚቀርብ ምሳሌ አላገኘንም።

ተቃራኒውን ለማየት ደግሞ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን የሼክስፒርን ሐምሌት እናስብ። በመጀመሪያው ገቢር ሆራሽዮ የሞተውን ንጉሥ መንፈስ እንዳየ ሲናገር ሐምሌት መንፈሱ «ፍራውን» ያደርግ እንደ ነበረ ይጠይቀዋል። ሆራሽዮም ከቍጣ ይልቅ ሐዘን የበዛበት ፊት ነበር ብሎ ይመልሳል። ይህን ስፍራ በልምምዳችን ላይ ሦስት ዐይነት አድርገን ሞከርነው። ጥያቄውን «ተቈጥቶ ነበርን?» ብንለው መልሱ ተራ ማስተባበያ ይሆናል። «ተኰሳትሮ ነበርን?» ብንለው መልሱ ከጥያቄው ጋር ይጣላል፤ የተኰሳተረ ፊት የሐዘን ፊት ለመሆን ይቸግረዋልና። «ግንባሩ ተቋጥሮ ነበርን?» ብንለው ግን በሩ ክፍት ይቀራል፤ የተቋጠረ ግንባር የቍጣም የሐዘንም ሊሆን ይችላል፤ ሆራሽዮም ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። የእንግሊዝኛው ውይይት የሚቆመው በዚህ ክፍተት ላይ ነው። ክፍተትን መተርጐም ቃልን ከመተርጐም እንደሚከብድ ያየነው በዚህ ጊዜ ነው።

በፈገግታው ወገን ሥራው ይቀላል። «ስማይል» ያለ ክርክር «ፈገግ አለ» ነው። የስፓኝ «ሶንሬይር» ከላቲን የመጣ ሲሆን ከሳቅ በታች ማለት ነው፤ የእኛ «ፈገግታ» ግን ከ«ሳቅ» አልተወለደም፥ የራሱ ሥር አለው፤ በዚህ በኩል ከእንግሊዝኛ ጋር ነን። «ቢም» ለሚለው «ፊቱ በራ»፥ «ፊቷ ፈካ»፥ «ተፍለቀለቀች» አሉን። የሚያስቸግረው «ግሪን» ነው። ጥርስ የሚታይበት ፈገግታ ነውና ብዙዎች «ገለፈጠ» ይሉታል፤ ነገር ግን «ገለፈጠ» ስድብ ነው፥ ያለ ቦታው ጥርሱን የሚያሳይ ሰው ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ድሮ በሕመም ወይም በቍጣ ጥርስን መግለጥ ማለት ነበረ፤ ዛሬ ግን የደስተኛ ልጅ ፈገግታ ለመሆን ይችላል። ስለዚህ ለመልካሙ «ጥርሱን ብልጭ አደረገ»፥ ለክፉው «ገለፈጠ» ብንል ይሻላል። «ስመርክ» ደግሞ «በት»ን ይፈልጋል፤ «ፈገግ አለችበት» ከ«ፈገግ አለችለት» የሚለየው ልክ «ስመርክ» ከ«ስማይል» በሚለይበት መንገድ ነው። «ስኒር»ን ግን እስካሁን በአንድ ቃል አልያዝነውም። «አሽሟጠጠ» ይቀርበዋል፥ ግን ማሽሟጠጥ አንደበትም ይጨምራል፤ «አፍንጫውን ነፋ» ኵራትን እንጂ መሳለቅን አይገልጥም። «በንቀት ከንፈሩን አጣመመ» ረጅም ቢሆንም እስከ ጊዜው ይበቃል።

የፈረንሳዩ ሐኪም ዱሼን በ1862 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እውነተኛ ፈገግታ ከከንፈር ጋር በዐይን ዙሪያ ያለውን ጡንቻ እንደሚያንቀሳቅስ፥ የማስመሰል ፈገግታ ግን በከንፈር ብቻ እንደሚቀር አሳይቷል። አማርኛ ይህን «ከአንገት በላይ» እና «ጥርስ ባዳ ነው» ብሎ ከያዘው ቈይቷል። አንድ የሥነ ልቦና መጽሐፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው የዱሼንን ልዩነት ሊያስረዳ ሲፈልግ አዲስ ስያሜ ከመፍጠሩ በፊት እነዚህን ቢያስታውስ ተማሪው በፍጥነት ይገባዋል።

አሁን ስለ ሐኪም ቤቱ ያስቀመጥነውን ነገር እናንሣ። ገና በቃል ሊናገሩ የማይችሉ ሕፃናት ምን ያህል እንደሚያማቸው ለመለካት «ፍላክ» የሚባል መመዘኛ በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ታትሟል። ከሁለት ወር እስከ ሰባት ዓመት ላሉ ሕፃናት የተዘጋጀ ሆኖ አምስት ነገሮችን ይመለከታል፤ እነርሱም ፊት፥ እግር፥ የሰውነት እንቅስቃሴ፥ ልቅሶና ሲያባብሉት ዝም የማለት ሁኔታ ናቸው። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጥና ድምሩ ከ10 ይያዛል። በፊት ረድፍ ላይ አንድ ነጥብ የሚሰጠው ሕፃኑ አልፎ አልፎ «ግሪሜስ» ወይም «ፍራውን» ሲያደርግ፥ ወይም ራሱን አግልሎ ለነገር ግድ የሌለው ሲመስል ነው። ሁለት ነጥብ የሚሰጠው ደግሞ አገጩ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥና መንጋጋው ሲገጥም ነው።

አንድ ተርጓሚ ይህን ረድፍ «አልፎ አልፎ ያኰርፋል ወይም ይኰሳተራል» ብሎ ቢመልሰው ምን ይከተላል? ነርሷ አልጋው ላይ የምትፈልገው ቅያሜ ይሆናል። ኵርፊያ በእኛ አገር መድኀኒቱ ማባበል ነው፤ ስለዚህ ሕመሙን ከመመዝገቧ በፊት ታባብለዋለች። ማባበል ግን በመመዘኛው ራሱን የቻለ አምስተኛ ረድፍ ነው፤ በአንድ መጥፎ ቃል ምክንያት ሁለት ረድፎች ይደባለቃሉ። ይልቁንም ሕፃኑ እንዳኰረፈ ከተወሰደ ነጥቡ 0 ሆኖ ሊቀር፥ የሚገባው የሕመም ማስታገሻም ሊዘገይ ይችላል። እንዲህ ያለው ረድፍ የሚፈልገው የመልክ ቃል ብቻ ነው፤ እኛ የምናቀርበው «አልፎ አልፎ ፊቱን ጭምድድ ያደርጋል ወይም ግንባሩን ይቋጥራል» የሚለውን ነው። ይህ ከሳይንሱም ጋር ይስማማል። ኬኔት ፕርካቺን በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የሕመም ፊት ዋና ዋና ምልክቶች ቅንድብን ዝቅ አድርጎ መሰብሰብ፥ ዐይንን ማጥበብ፥ አፍንጫን መሸብሸብ ወይም የላይኛውን ከንፈር ከፍ ማድረግና ዐይንን መጨፈን መሆናቸውን አመልክቷል። ኮሶ የጠጣ ሰው ፊት በትዝታው ያለ ሁሉ ይህን ሥዕል ያውቀዋል፤ «ፊቱን ኮሶ አስመሰለው» የምንለውም ለዚህ ነው፥ ምንም እንኳ ለሐኪም ቤት ወረቀት የሚሆን ሐረግ ባይሆን።

ስለ መንጋጋው ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። «ጥርሱን ነክሷል» የሚለው እጅ ላይ ቅርብ የሆነ ትርጕም ነው፤ ነገር ግን በአማርኛ ጥርሱን ነክሶ የሠራ ሰው የጸና ሰው ነው፥ ጥርሱን የነከሰበት ደግሞ ቂም የያዘበት ነው። የሁለት ዓመት ሕፃን ጽናትም ቂምም እንዲቈጠርበት ስለማንፈልግ «መንጋጋውን አጥብቆ ገጥሟል» ማለት ይሻላል።

እስካሁን የተናገርነው ከእንግሊዝኛ ስለሚመጣው ነው። ከእኛ ወደ እነርሱ የሚሄደውም ያስቸግራል። ቻርልስ ዳርዊን ስለ ስሜት መግለጫዎች በ1872 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ሐበሾች የጠየቀው ካፒቴን ስፒዲን ነበር፤ ይህም ሰው የልዑል ዓለማየሁ ሞግዚት የነበረው ነው። ስፒዲ የነገረው ሐበሾች እሺ ሲሉ ራሳቸውን ወደ ኋላ ቀና አድርገው ቅንድባቸውን ለቅጽበት ከፍ እንደሚያደርጉ፥ እንቢ ሲሉ ደግሞ አፋቸውን ዘግተው ትንሽ ድምፅ እያሰሙ ራሳቸውን ወደ ቀኝ ትከሻ እንደሚወረውሩ ነው። የቅንድቡን እሺታ ዛሬም በሮብ ገበያ በጋቢ ተሸፍነን አይተነዋል፤ የበጉ ዋጋ የተቈረጠው በእርሱ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ቅንድብ ማንሣት የመገረም ወይም የመጠራጠር ምልክት ስለ ሆነ፥ «ቅንድቡን አነሣለት» የሚለውን ቃል በቃል የሚያሻግር ሰው የተስማማውን ሻጭ ተጠራጣሪ ያደርገዋል።

ከዚህም የባሰው ከንፈር መምጠጥ ነው። እንግሊዞች በምላስና በጥርስ የሚያሰሙት ተመሳሳይ ድምፅ አላቸው፤ ትርጕሙ ግን ወቀሳ ነው። እኛ ከንፈር የምንመጥጠው ስናዝን ነው፤ የሰውን መከራ ስንሰማ፥ ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ። ከገበያ ስንመለስ እኚያ ድንች ሻጭ እናት ስለ ምን እንደምንጠይቅ በመጨረሻ ተረድተው፥ ለፊት ስም ፍለጋ ከደብረ ማርቆስ በብርድ መውጣታችንን ሲሰሙ ከንፈራቸውን መጠጡልን። ይህን ዐረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ እያንዳንዳችን ሞክረናል፤ በሁሉም ሙከራ እኚያ እናት የነቀፉን ሆነው ተገኙ። «ልን» የምትለዋን ቅጥያ የሚሸከም ቃል ያገኘ አንባቢ ቢኖር ለመጽሔታችን ቢጽፍልን ደስ ይለናል።